ከመብላት በፊት ቦታ መያዝ

ወገኖቼ፣ የአሽዶድ ሮቫ ዩድ ሰፈር ሰዎች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የቼዝ ጨዋታ ነው። ሽማግሌን ከቼዝ ምን አገናኘው የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ብለው የነገሩን አባቶቻችን ናቸው። ጨዋታው ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተጫዋቾቹም ካለፉ ቆይተዋል። ነገር ግን በየቤታችን የምናየውን፣ የባልና የሚስቱን ኩርፊያ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ የአባትና የልጁን አለመግባባት፣ እንደዚያ ጨዋታ ወለል አድርጎ ያሳየኝ ነገር የለም።

በእስራኤል ያለችው ከተማችን አሽዶድ የብዙ አገር ሰው ከተማ ናት። በ1956 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያ ናቸው) በአሸዋው ላይ ተቆረቆረች፤ ከሞሮኮም ከጆርጂያም ሰው ገባባት፤ እኛም ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተ እስራኤል ገባን። በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመጣ ቼዙንም ይዞ መጣ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በየጥላው ሥር ሰሌዳ ዘርግተው የሚውሉ አረጋውያን አሉ፤ ሲጫወቱ ቆማችሁ ብታዩ ብዙ ነገር ትማራላችሁ። ልጆቻችንም በዕብራይስጥ ሻህማት እያሉ በትምህርት ቤትና በማትናስ፣ በሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ይማሩታል።

አንዳንዱ ወላጅ ልጁ ሰሌዳ ይዞ ሲቀመጥ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ምን ይረባሃል» ይላል። እንዲህ ባንል መልካም ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ አገር የዞረ ነው፤ በመጣንበት አገርም ሰንጠረዥ ተብሎ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት ሲጫወቱት ኖሯል። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ጎበዝ ተጫዋች እንደ ነበሩ ይነገራል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ይህን ሁሉ ሰብስበው በ1971 ባያሳትሙት ኖሮ፣ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እየጠፋ የሄደ ጨዋታ ነውና፣ ሕጉን የሚነግረን ማግኘት በከበደ ነበር።

የሰንጠረዥ አጀማመር ከዛሬው ቼዝ ይለያል። ዛሬ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ሠራዊት ያሰናዳል። አንዱ ፈረሱን ወደዚህ ሲያመጣ ሌላው አይቶ ፊሉን ወደዚያ ይወስዳል። አንደኛው የሌላውን መደቅ፣ ማለት ወታደር፣ ወይም ሌላ ጦር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላሉ፤ ተራ የሚባለው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያሸንፉም አሸናነፉ ይታይ ነበር፤ በኃይለኛው በደር፣ ማለት በግንብ፣ ወይም በፈረስ ከመግደል ይልቅ በፊል ወይም በታናሹ በመደቅ መግደል ያስመሰግናል። እነዚያ አባቶች መሰለፍ ከመብላት እንደሚቀድም በጨዋታው ሕግ ውስጥ አስገብተውት ነበር። እኔ የምመክራችሁም ይህንኑ ነው፤ በሌላ አገር በሌሎች ሰዎች እጅ እንዴት እንደ ታየ ግን ላሳያችሁ።

አኪባ ሩቢንሽታይን ይባላል። በፖላንድ ስታቪስኪ ከምትባል ትንሽ ከተማ የወጣ የአይሁድ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ረቢ እንዲሆን ፈልገው የሺቫ፣ የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ አስገቡት፤ ታልሙድ ሲማር አደገ። ቼዝን ያወቀው ዘግይቶ፣ ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው። ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች ገና በልጅነታቸው ሲጀምሩ እርሱ ገና ከመጽሐፉ ላይ አልተነሣም ነበር። ኋላ ልቡ ወደ ሰሌዳው ሲያዘነብል ወደ ሎድዝ ከተማ ሄደ፤ በዚያ ጌርሽ ሳልቬ የሚባል በዕድሜ የሚበልጠው ስመ ጥር ተጫዋች ነበርና ከእርሱ ጋር እየተጫወተ ከእርሱ ተማረ። የምነግራችሁ ጨዋታ በ1908 በዚያው በሎድዝ ሁለቱ የተጫወቱት ነው፤ ሩቢንሽታይን በነጭ፣ ሳልቬ በጥቁር። እስከ ዛሬ የቼዝ መምህራን ለተማሪ ያሳዩታል።

ቼዝ ለማታውቁ ይህን ያህል ይበቃችኋል። ሰሌዳው 64 ቤት አለው። ዓምዶቹ ከነጩ ተጫዋች ግራ ተነሥተው ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ እስከ ኤች ይጠራሉ፤ ረድፎቹ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ልጆቻችን ጽሪያሕ የሚሉትን እኔ ግንብ፣ ራጽ የሚሉትን በሰንጠረዡ ልማድ ፊል እላለሁ። ወታደሩ የሁሉም ታናሽ ነው። ንጉሡም፣ ንግሥቷም፣ ፈረሱም በሄዱበት መመለስ ይችላሉ፤ ወታደር ግን አንድ ጊዜ ከተራመደ ወደ ኋላ የለም። ይህችን ያዙልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለእርሱም ይሆናል።

ሳልቬ በ8ኛው ርምጃ ንግሥቱን ወደ ቢ6 አወጣ። ንግሥት ኃያል ናት፤ ቀድማ ስትወጣ ግን የደረሰው ሁሉ ያባርራታል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሩቢንሽታይን በ9ኛው ርምጃ መሀል ላይ በቆመው ፈረሱ የሳልቬን ፈረስ በላ፤ ሳልቬም በወታደሩ መልሶ በላው። ፈረስ በፈረስ ሄደ፣ ቁጥሩ እኩል ነው፣ ላይ ላዩን ያየ ሰው ማን ተጎዳ ይላል። የተጎዳው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሳልቬ ነው። መሀሉ ላይ ሁለት ወታደሮች ብቻቸውን ቀሩበት፤ አንዱ ዲ5 ላይ፣ ሌላው ከጎኑ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ሲ6 ላይ። ሲ6 ያለው አንዲት ርምጃ ተራምዶ ሲ5 ቢደርስ ከወንድሙ እኩል ይቆማል፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መሀሉን ይይዛሉ፤ ጥቁሩም ይተነፍሳል። ካልደረሰ በክፍቱ ዓምድ ላይ የነጩ ግንብ ዒላማ ሆኖ፣ ዘመዶቹም ሁሉ እርሱን ሲጠብቁ ይኖራሉ። ጨዋታው በሙሉ በአንዲት ባዶ ቤት ላይ ተንጠለጠለ፤ በሲ5 ላይ።

አሁን ሩቢንሽታይን ያደረገውን አስተውሉ። ወደዚያች ወታደር አልሮጠም። ፈረሱን ወደ ሰሌዳው ዳር፣ ወደ ኤ4 ወሰደው፤ ፈረሱ ንግሥቷን ነክቶ አስነሣት፣ ዓይኑን ግን ሲ5 ላይ ተከለ። ቀጥሎ ፊሉን ወደ ኢ3 አመጣ፤ እርሱም ሲ5ን ያያል። ቀጥሎ ግንቡን ሲ1 ላይ አቆመ፤ እርሱም በዓምዱ ወደዚያው ያያል። ሳልቬ በፊሉ ወደ ጂ4 ወጥቶ ሊያውከው ሲሞክር፣ ሩቢንሽታይን በኤፍ ዓምድ ያለውን ወታደር አንድ ርምጃ ገፋ። ይህ ርምጃ መልክ የለውም፤ የገዛ ፊሉን መንገድ ይዘጋል። ለሰው ዓይን የሚጫወት ቢሆን አያደርገውም ነበር። እርሱ ግን የሳልቬን ፊል ወደ ኋላ መለሰው፤ ከወታደሩ ጀርባም ለግንቡ መቆሚያ ከፈተ። በ15ኛው ርምጃ ፊሉን ሲ5 ላይ አስቀመጠ፤ ያች ወታደር ከዚያ ወዲያ መራመጃ አጣች።

ሳልቬ ዝም አላለም። ፈረሱን አዙሮ ያን ፊል ሊያስነሣው መጣ። ሩቢንሽታይን አልተሟገተም፤ ፊሉን በፊል ለወጠና በምትኩ ንግሥቱን ዲ4 ላይ፣ በሰሌዳው መሀል አኖራት። ሲ5 ባዶ ትምሰል እንጂ ባለቤት አላት። ቀጥሎ የሚመጣው ርምጃ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል፤ ጂ2 ላይ የነበረውን ፊል ወደ ኤፍ1 መለሰው፤ ጨዋታው ሲጀመር ወደ ተቀመጠበት ቤት። ታላቅ ተጫዋች፣ እያሸነፈ ሳለ፣ ጦሩን ወደ መነሻው መለሰ፤ ከጎኑ ያለውን ደካማ ወታደር እንዲጠብቅለት። ከመካከላችን ስንቱ ነው «ወደ ኋላ አለ» እንዳይሉኝ ብሎ ቤቱን ሳይጠብቅ የቀረ?

በ21ኛው ርምጃ ፈረሱ ሲ5 ገባ። ሳልቬ በላው። በ22ኛው ግንቡ መልሶ በልቶ በዚያችው ቤት ተቀመጠ። መጀመሪያ ፊል፣ ኋላ ፈረስ፣ ኋላ ግንብ፤ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፣ ቦታው ግን አይለቀቅም። የሳልቬ ንግሥትና ግንቦች ያችን ሲ6 ያለች ወታደር ሲጠብቁ ጥግ ጥጉን ያዙ። እርሷን እንዳያጣ ሲል የቀረውን ሰሌዳ አጣ። በ27ኛው ርምጃ ሩቢንሽታይን በላት። በ9ኛው የተፈረደባት ወታደር የወደቀችው በ27ኛው ነው። ከዚያ ወዲያ በቢ ዓምድ የነበረው የነጩ ታናሽ ወታደር ቢ5፣ ቢ6 እያለ ሄዶ በ38ኛው ርምጃ ቢ7 ደረሰ፤ አንድ ርምጃ ቢጨምር ንግሥት ሊሆን ነው። ሳልቬ እጁን ሰጠ።

እናቶቻችን በጎንደር ወለቃ ሸክላ ሲሠሩ አይታችሁ ከሆነ ሩቢንሽታይንን ታውቁታላችሁ። ጭቃው ተቦክቶ፣ ጋኑ ተበጅቶ፣ ተለስልሶ ሲያበቃ የቸኮለች ሴት ወዲያው እሳት ውስጥ ትከተዋለች፤ ተሰንጥቆ ይወጣል። የምታውቀዋ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ጎረቤት ያየ «ዛሬ ምንም አልሠራችም» ይላል፤ ጋኑ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ እየተሠራ ነው። ከ9ኛው እስከ 27ኛው ርምጃ ሩቢንሽታይን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሳልቬን ደግሞ አትናቁት። ጎበዝ ነበር፤ የሚያስቅ ስሕተት አልሠራም። ጨዋታውን ደጋግማችሁ ብታዩት «እዚህ ላይ ሞተ» የምትሉት አንድ ቦታ አታገኙም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ ካርልስባድ በተባለች ከተማ አሮን ኒምዞቪች የሚባል የሪጋ ሰው ይህንኑ ሳልቬን እንደገና በዚሁ መንገድ አሸነፈው፤ መሀሉን በወታደር ከመሙላት ይልቅ በፊልና በፈረስ ዘግቶ እንዳይላወስ አድርጎ። ኒምዞቪች ኋላ በ1925 ባወጣው መጽሐፉ ይህን ትምህርት አድርጎ አስፍቶ ጻፈው፤ ለማጥቃት ከመነሣትህ በፊት የጠላትህን ወታደር መንገድ ዝጋ የሚል ነው ጭብጡ።

ልጆቼ፣ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሲጠራ፣ ያልበሰለ ሽማግሌ ገና ከመቀመጡ ይፈርዳል። «አንተ አጥፍተሃል፤ አንቺ ይቅር በይ» ብሎ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። በሳምንቱ ጠቡ እጥፍ ሆኖ ይነሣል። አባቶቻችን እንዲያ አያደርጉም ነበር። መጀመሪያ የሁለቱንም ያደምጣሉ። ቀጥለው ፍርዱን ትተው «እስከሚመጣው ቀጠሮ ድረስ አንዳችሁም ክፉ ቃል እንዳትጨምሩ፤ ዋስ ጥሩ» ይላሉ። ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ። ያ ዋስ ምንድን ነው? ፊሉ ሲ5 ላይ መቀመጡ ነው። ጠቡ ገና አልተፈታም፤ ነገር ግን አንዲት ርምጃ ወደ ፊት መሄድ አይችልም። በሁለተኛው ቀጠሮ ቁጣው በርዷል፣ ነገሩ ከሥሩ ይታያል፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው እርቁ ሳይጎተት ይመጣል። ዛሬ በዚህ አገር ሰው ሁሉ ጊዜ የለኝም ይላል፤ በአንድ ቀን አስታርቁንና ሥራ እንግባ ይሉናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔ በበኩሌ በአንድ ቀን የተታረቁ ሰዎችን አላምንም።

ለአባቶች የምለው ደግሞ አለኝ፤ ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ ቋንቋውን ቀድመው የያዙት ልጆቻችን ናቸው። ልጅ አባቱን ይዞ ወደ ቢሮ ሄደ፤ ጸሐፊዋ የተናገረችውን ለአባቱ ተረጎመ፤ የአባቱን መልስ ለጸሐፊዋ ተረጎመ። ያን ቀን ባንናገረውም በቤቱ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አባት ስፍራው እንደ ተነካ ይሰማዋል። ብዙው አባት ታዲያ ምን ያደርጋል? የጠፋውን በአንድ ጊዜ ሊያስመልስ ይነሣል፤ ይጮኻል፣ ይከለክላል፣ ስልክ ይነጥቃል፣ «ከቤቴ ውጣ» የሚለውን ቃል ያወጣል። ያ ቃል ወታደር ነው፤ አይመለስም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል።

ወንድሜ፣ አንተ መያዝ ያለብህ አንድ ቤት ነው። የሰንበትን ማዕድ ያዝ። ዓርብ ማታ ልጅህ ምንም ቢያስቀይምህ በዚያ ማዕድ ላይ ወቀሳ አይነሣ፤ ልጁም ከዚያ ማዕድ አይቅር። የትምህርት ቤቱን የወላጅ ስብሰባ ያዝ። ዕብራይስጡ ባይገባህ እንኳ ሂድና ተቀመጥ፤ መምህሩ ፊትህን ይወቅ፣ ልጅህም አባቱ እዚያ እንደ ተቀመጠ ይወቅ። እነዚህን ሁለቱን ሳትለቅ ዓመት ያዝ። ትዕዛዝህ የሚሰማበት ቀን ሳትጣራው ይመጣል። እናቶች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ ብዙው ቤት ሳይፈርስ የቆየው በእነርሱ ነው።

ለወጣቶቹም እላለሁ። በቆዳችሁ ቀለም የተነሣ የሚደርስባችሁን እኛም እናያለን፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣናል። በ2015ም በ2019ም አደባባይ ወጥታችሁ ድምፃችሁን ያሰማችሁት በከንቱ አይደለም፤ ከ2015ቱ ጩኸት በኋላ መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞ በቀጣዩ ዓመት ዘረኝነት መኖሩን የሚያምን ሪፖርት ወጥቷል። እንዲሁ ዝም በሉ የሚላችሁ አልሰሙኝ። ነገር ግን ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣውን ረጅሙን ዘመን አስቡ። ጎማ የሚቃጠልበት ሌሊት አንድ ነው፤ ሕግ የሚማር፣ ሐኪም የሚሆን፣ በከተማው ምክር ቤት ወንበር የሚይዝ ልጅ ግን 30 ዓመት በዚያው ቦታ ይቀመጣል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን ዐይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው፣ ዛሬ የሚበላውን ብቻ ለሚያይ ነው።

ይህ አዲስ ትምህርት እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ የደረስነው በዚሁ መንገድ ነው። ዮና ቦጋለ በልጅነታቸው ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ተልከው ተማሩ። ተምረው በዚያው አልቀሩም፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲያስተምሩና ስለ ወገናቸው ሲጽፉ ዕድሜያቸውን ጨረሱ ማለት ይቻላል፤ ራሳቸው እስራኤል የገቡት በ1979 ነው። በ1973 ሊቀ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆኑን ወሰኑ። በ1975 የመመለስ ሕግ እኛንም እንዲጨምር ተፈቀደ። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል የመጣው መጣ፤ በመንገድ የቀረውን እግዚአብሔር ያስበው። በ1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ገባ። ሰው የሚያወራው ስለዚያች ቀን ተኩል ነው። ያችን ቀን ያመጣት ግን ማንም ሳያያቸው ቦታቸውን ይዘው የቆዩ ሰዎች የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

በዓላችንን ሲግድንም አስቡ። ቄሶቻችን ጥላቸውን ይዘው፣ ኦሪቱን ተሸክመው፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ይቆሙ ነበር። ብዙው አላፊ አግዳሚ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ቄሶቹ አልተነሡም። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት ሲግድን የአገሪቱ ሁሉ በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ። ለዚህ ቀን የታገሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ዘንድሮ ሰው መጣም አልመጣም ብለው በየዓመቱ የቆሙትን እነዚያን ቄሶች አስቀድማለሁ።

ስለ ሩቢንሽታይን የቀረውንም ልንገራችሁ፤ ግማሹን ብቻ ነግሮ መተው ትክክል አይደለም። በ1912 በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ታላላቅ ውድድሮችን በአንደኝነት ጨረሰ፤ አንዱን ከሌላ ጋር እኩል ሆኖ። ከዓለም ሻምፒዮኑ ከኢማኑኤል ላስከር ጋር በ1914 ሊጋጠም ተስማምተው ነበር፤ ጦርነቱ መጣና ቀረ። ያ ዕድል ተመልሶ አልመጣለትም። ኋላም አእምሮው ታመመ፤ ሰው ይፈራ ጀመር፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ውድድር ተወ። የናዚዎችን ዘመን በቤልጅየም በሕክምና ቤት ሆኖ አለፈና በ1961 በዚያው አገር ሞተ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቤት የጠበቀ ሰው በኑሮው ከዘመኑ ማዕበል መጠጊያ አላገኘም። ስለዚህ ትዕግሥት ያላችሁ ሁሉ ይሳካላችኋል ብዬ አልዋሻችሁም። ሰው የራሱን ርምጃ ያሳምራል፤ ጦርነቱና በሽታው በሌላ እጅ ናቸው።

የሠራው ሥራ ግን አልጠፋም። ቦሪስ ጌልፋንድ ከሚንስክ በ1998 ወደ እስራኤል የመጣ ተጫዋች ነው። ከሩቢንሽታይን ጨዋታዎች ብዙ እንደ ተማረ ራሱ ጽፏል። በ2012 ሞስኮ ላይ ከሻምፒዮኑ ከቪስዋናታን አናንድ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጥሞ 12ቱን ጨዋታ 6 ለ6 ወጣ፤ የተሸነፈው ከዚያ በኋላ በተደረገው በፈጣኑ ጨዋታ ነው። የፖላንዱ የሺቫ ተማሪ ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ሰሌዳውን ሲዘረጋ አጠገቡ ተቀመጡ፤ የሎድዙን ጨዋታ ፈልጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ 14ኛው ርምጃ ላይ «ለምን የራሱን ፊል መንገድ ዘጋ?» በሉት፣ ያስረዳችሁ፤ ከልጅ መማር አያሳፍርም። ሁለተኛው ለትልልቆቹ ነው። ሽማግሌ የምትጠሩን ነገሩ 38ኛው ርምጃ ላይ ሲደርስ፣ ጠበቃ ከተያዘ፣ ፖሊስ ቤት ከገባ፣ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኛም የምናደርገው ነገር ጥቂት ነው። ገና 9ኛው ላይ ሳለ፣ ቁጥሩ እኩል ሳለ፣ ማንም ሳይጎዳ ጥሩን። ቀንም ማታም ቢሆን እንመጣለን።